ውሃው ሲደርስ ሕሙማንን ለማንቀሳቀስ ትእዛዝ መጠበቅ አለብን?

የዋርድ ኃላፊ ጻፈች፦

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የማነሣው ጉዳይ ከአንድ ሌሊት የመጣ ነው። ሌሊቱ ካለፈ ወራት ቢቆጠሩም ያደረግሁት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እስካሁን ለራሴ መመለስ አልቻልሁም። የምመራው የውስጥ ደዌ ዋርድ ከመሬት እኩል በሆነው ወለል ላይ ይገኛል። በዚያ ምሽት 28 ሕሙማን ነበሩኝ፤ ከእነርሱም 5ቱ ኦክስጅን ላይ ነበሩ፣ 9ኙ ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መውረድ አይችሉም ነበር። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ከቀትር በኋላ ደርሶናል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ውሃው ግቢ ውስጥ ሲገባ ለተረኛው የሥራ አመራር ደውዬ ሕሙማኑን ወደ ላይኛው ፎቅ ላውጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ «ውሳኔ እስኪተላለፍ ጠብቂ» የሚል ነበር። ጠበቅሁ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ቤዝመንቱ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ወለል፣ ሞላ። ዋናው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳ እዚያ ስለነበር፣ ጀነሬተሩ ደህና ሆኖ ሳለ መብራቱም ሊፍቱም በአንድ ጊዜ ቆሙ። 9ኙን ሕሙማን በጨለማ፣ በብርድ ልብስና በአንሶላ ተሸክመን በደረጃ አወጣናቸው። ማንም አልሞተም። ነገር ግን አንድ አዛውንት ደረጃው መካከል ላይ ሲሊንደራቸው አልቆ፣ ሌላ እስኪመጣላቸው ድረስ ከንፈራቸው ሲጠቁር አይቻለሁ። አንዲት ባልደረባችንም ወገቧን ተጎድታ ገና ወደ ሥራ አልተመለሰችም።

በ2 ሰዓት ላይ ሊፍቱ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ያለ ትእዛዝ ማንቀሳቀስ ነበረብኝ? ካንቀሳቀስሁ በኋላ ውሃው ቢጎድልስ ኖሮ ምን ብዬ እመልስ ነበር?

የሌሊት አስተባባሪ መለሰ፦

ሲስተር፣ ጥያቄሽ አንድ ውሳኔ እንደነበረ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ግን ቢያንስ ሦስት ውሳኔዎች እንደነበሩ ይታየኛል። የመጀመሪያው ዝግጅት ነው፤ ቻርቶችን መሰብሰብ፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ስሙንና መድኃኒቱን የያዘ የእጅ አምባር ማሰር፣ ሲሊንደሮችን መፈተሽ፣ መሸከሚያዎችን ደረጃው አጠገብ ማቅረብ፣ ከአልጋ መውረድ የማይችሉትን ወደ ደረጃው ቅርብ ወዳሉት ክፍሎች ማዛወር። ይህ ማንንም የሚጎዳ ስላልሆነና ውሃው ቢጎድል በግማሽ ሰዓት ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ሕንፃውን ለቅቆ መሄድ ነው፤ ይህኛው ከአንድ የዋርድ ኃላፊ ሥልጣን በግልጽ በላይ ነው። በ2 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን በሙሉ አድርገሽ ሁለተኛውን ብትጠይቂ ኖሮ፣ የ4 ሰዓት ተኩሉ ሌሊት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛውን ውሳኔ በተመለከተ መነሻዬ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ማለትም ከዚያ ካለፈ በኋላ ብንጀምር የማንጨርስበት ሰዓት። እርሱን ለማግኘት ሊፍት የለም ብዬ እነሣና ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። 9 የማይራመዱ ሕሙማን አሉሽ እንበል። አንድን ሰው በደረጃ ለማውጣት 4 ተሸካሚዎችና ኦክስጅኑን የሚይዝ 1 ነርስ ያስፈልጋሉ፤ ወጥቶ ለመመለስ 12 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ ሁለት ቡድን ሲኖር አንደኛው 5 ጊዜ፣ ሌላኛው 4 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ 60 ደቂቃ ነው። ሸክሙ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ እኔ ግማሹን ያህል እጨምርበትና 90 ደቂቃ እይዛለሁ። እንግዲህ ውሃው ወደ ወለሉ ይደርሳል ከተባለበት ሰዓት 90 ደቂቃ ቀድሞ ውሳኔው ማለቅ አለበት። በዚህ ላይ ደግሞ 10 ሰው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ በአንድ የሌሊት ፈረቃ 10 ሰው ያለው ዋርድ እኔ አላውቅም።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ መለሰች፦

የአዛውንቱ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ስለዚህ ስለ ኦክስጅን ብቻ ልጻፍ። ብዙዎቻችን በእጅ የሚንቀሳቀሰውን መካከለኛ ሲሊንደር እንጠቀማለን፤ ሙሉ ሲሆን ወደ 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሕመምተኛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ በደቂቃ 15 ሊትር ከሆነ 45 ደቂቃ ነው። ጠቋሚው ሩብ ላይ ያለ ሲሊንደር ግን በደቂቃ 10 ሊትር ሲሰጥ 17 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ሩብ የሚያሳይ ጠቋሚ ዓይንን ያታልላል፤ «ገና አለው» ያሰኛል። በደረጃ ላይ ያለው መዘግየት ደግሞ 17 ደቂቃን ወዲያው ይበላዋል። እኛ የያዝነው ደንብ ለጉዞው ከሚያስፈልገው ጊዜ እጥፍ የማይበቃ ሲሊንደር ከዋርድ እንዳይወጣ ነው። ኦክስጅን ከአየር የሚያጠራው መሣሪያ ላይ ያሉ ሕሙማን ካሉ ደግሞ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ኦክስጅናቸው እንደሚቋረጥ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እነርሱን መብራት ሳይጠፋ ወደ ሲሊንደር ማዛወር ፈቃድ የማይሻ ሥራ ነው።

ስለ ቤዝመንቱ የተጻፈው በትልልቅ ሆስፒታሎችም ተደጋግሞ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 መጨረሻ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ሲመታ፣ በቤልቪው ሆስፒታል ጀነሬተሮቹ 13ኛ ፎቅ ላይ በሰላም ተቀምጠው ነበር፤ ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ግን ቤዝመንት ስለነበሩ ውሃ ዋጣቸው፤ ሠራተኞችና ወታደሮች ተሰልፈው ነዳጁን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ለማድረስ ተገደዱ። በዚያው ሌሊት በአቅራቢያው ያለው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ300 በላይ ሕሙማንን አስወጥቷል። ከእነርሱ 20ዎቹ ከጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክፍል የወጡ ነበሩ፤ ነርሶች በጨለማው ደረጃ አቅፈው፣ ትንፋሽ የሚያስፈልጋቸውን በእጅ ፓምፕ እየሰጡ አወረዷቸው። ስለዚህ «ጀነሬተር አለን» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም። ጀነሬተሩ የት ነው፣ ነዳጁ የት ነው፣ ማከፋፈያ ሰሌዳው የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ እርስዎም ሲስተር ከጎርፍ ወራት በፊት በእግርዎ ሄደው ቢያዩት ይጠቅምዎታል።

የአደጋ ዝግጅት ባለሙያ መለሰ፦

እስካሁን የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር መቃወም ግዴታዬ ነው። ማንቀሳቀስ ራሱ ሰውን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በጃፓን ከሱናሚው በኋላ በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አካባቢ የመልቀቅ ትእዛዝ ሲወጣ፣ በአንድ ሆስፒታልና አብሮት በነበረ የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ ከ40 በላይ ሰዎች በጉዞው ላይና ጥቂት ቆይቶ ሞተዋል። የተጫኑት በአውቶቡስ፣ ያለ በቂ ተንከባካቢና ያለ ሕክምና፣ ለረጅም ሰዓታት ነበር። የገደላቸው ጨረሩ ሳይሆን አወጣጡ ነው። እያንዳንዱ ዋርድ በራሱ ሰዓት በራሱ መንገድ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ደረጃው ይዘጋል፣ የላይኛው ዋርድ ያልጠበቀውን 28 ሰው ይቀበላል፣ ሊፍቱ ለማን እንደሚቀድም የሚወስን አይኖርም። የማዋለጃ ክፍሉ በዚያች ደቂቃ ደም የሚፈስሳት እናት እያወረደ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አንድ የዋርድ ኃላፊ ከቆመችበት ቦታ ልታየው አትችልም። አንድ የዕዝ ማዕከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሆኖም የዕዝ ማዕከሉ ዝም ሲል ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን እቀበላለሁ። በእኔ አስተያየት በዚያ ሌሊት የጎደለው የአጠያየቁ ዓይነት ነው። «ላውጣ ወይ?» የሚል ጥያቄ የሚሰማው ሰው መረጃ ስለሌለው በጣም ቀላሉን መልስ፣ «ጠብቂ»ን፣ ይሰጣል። በምትኩ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ውሃው ግቢ ገብቷል፤ 9 የማይራመዱና 5 ኦክስጅን ላይ ያሉ ሕሙማን አሉኝ፤ ሊፍቱ ከቆመ 90 ደቂቃ ያስፈልገኛል፤ በ2 ሰዓት ከ20 ላይ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ማውጣት እጀምራለሁ፤ የሚከለክል ምክንያት ካለ እስከዚያ ንገሩኝ።» ይህ ሥልጣንን አይነጥቅም፤ የበላዩ አካል እንዲከለክል ሙሉ ዕድል ይሰጠዋል። ዝምታ ግን ከዚያ በኋላ ውሳኔን ማዘግየት አይችልም። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ከጎርፉ በፊት በጽሑፍ ጸድቆ መቀመጥ እንዳለበት አጥብቄ እናገራለሁ፤ በዚያው ምሽት የተፈለሰፈ ከሆነ ጠብ ብቻ ነው የሚሆነው።

የዋርድ ኃላፊ መለሰች፦

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። «ላውጣ ወይ?» ብዬ መጠየቄን እንዳነበብሁ ድምፄ ራሱ ትዝ አለኝ፤ ቁጥር አንድም አልነገርኋቸውም። አሁን ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣውን ልጠይቃችሁ። መሸከም ስንጀምር ማንን ላስቀድም የሚለው ላይ ከነርሶቼ ጋር ተከራክረናል። አንዷ «በጣም የታመሙት ይቅደሙ» ስትል ሌላው «የሚራመዱትን ቶሎ አውጥተን እጃችንን ነፃ እናድርግ» አለ። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ፤ በመጨረሻ በበሩ ቅርበት አወጣን።

ጡረታ የወጣች ሜትረን (የነርሶች ኃላፊ) መለሰች፦

ልጄ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያያቸው ያለሽ ጊዜ ነው። ውሃው ገና ሩቅ ሆኖ፣ መብራትና ሊፍት እያለ፣ ጊዜው በሰዓታት የሚቆጠር ከሆነ በጣም የታመሙት ይቀድማሉ። ምክንያቱም መሣሪያው፣ የሰለጠነው እጅና የሚቀበላቸው አልጋ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዘገዩ ለእነርሱ የሚሆን መንገድ የለም። ውሃው ደጃፍ ላይ ደርሶ ጊዜው በደቂቃ የሚቆጠር ከሆነ ግን መጀመሪያ ለአደጋው በጣም ቅርብ የሆኑት፣ ቀጥሎ የሚራመዱት በአንድ መሪ ተሰልፈው፣ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱት፣ በመጨረሻም የሚሸከሙት ይወጣሉ። ይህ የሚከብድ ቅደም ተከተል ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚሸከመውን ሰው ማስቀደም ግን ሃያ ሰው ደረጃው ላይ ያስቆማል። በየትኛው ሁኔታ ውስጥ እንዳላችሁ ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ነርሶችሽ የተከራከሩት አንዷ በሰዓታት፣ ሌላው በደቂቃ ስላሰቡ ነው።

አንድ ነገር ግን በምንም ሁኔታ መለኪያ አይሁን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የኒው ኦርሊንስን የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ካፈረሰ በኋላ፣ ሜሞሪያል በተባለው ሆስፒታል ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው፣ ልባቸው ቢቆም የማነቃቃት ሕክምና እንዳይደረግላቸው ትእዛዝ የተጻፈላቸው ሕሙማን መጨረሻ ይውጡ ብለው ወሰኑ። ጀነሬተሮቹ ከቆሙ በኋላ ሕሙማኑ በሙቀትና በጨለማ ቀናት አሳለፉ፤ በመጨረሻም ከዚያ ሕንፃ 45 አስከሬኖች ተገኙ። ያ ትእዛዝ የሚናገረው ልብ ስለሚቆምበት አንድ ቅጽበት ብቻ ነው፤ ሰውየው ነገ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሊሆን ይችላል። ከአደጋ መዳን አያስፈልገውም የሚል ቃል በውስጡ የለም። እኔ በኃላፊነት በነበርሁበት ዘመን የማውጫ ዝርዝር ላይ ይህ ምልክት እንዳይጻፍ ከልክዬ ነበር፤ የሚጻፈው ይራመዳል ወይስ ይሸከማል፣ ኦክስጅን ስንት ሊትር፣ የማይቋረጥ መድኃኒት አለው ወይ የሚለው ብቻ ነበር።

ስለ ሠራተኞቹም እጨምራለሁ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትሁበት ነውና። በአንድ ጎርፍ የቀኑን ፈረቃ ደክመዋል ብዬ ወደ ቤት ሰደድኋቸው፤ በማግስቱ መንገዱ ተቆርጦ ማንም አልመጣም፤ የሌሊቶቹ ነርሶች 30 ሰዓት ያህል ቆሙ። በ26ኛው ሰዓት አንዲት ጎበዝ ነርስ የኢንሱሊን መጠን ስትስት ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ግን የእርስዋ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሠራተኛውን ለሁለት እከፍል ነበር፦ እዚያው አድረው እየተፈራረቁ በግድ የሚተኙ፣ እና ውሃው ሲጎድል መጥተው የሚተኳቸው። ትንሽ ልጅ ወይም የታመመ ወላጅ ያላት ነርስ ከሚያድሩት ውስጥ እንዳትሆን ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ልቧ ቤት ያለች ነርስ በሰውነቷ ብቻ ነው ዋርዱ ላይ ያለችው። ወደ ሥራ ለመድረስ በውሃ ውስጥ እንዲሻገር ማንንም አልጠየቅሁም። የሚፈስስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቆሞ የሚሄድን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ብዙ የቤት መኪኖችን ያንሳፍፋል። ታታሪነት ተብሎ የሚመሰገነው እንዲህ ያለ አመጣጥ የተቀበረ ነርስ ሊያስከትል ይችላል።

የኩላሊት እጥበት ነርስ መለሰች፦

በአጭሩ፦ ማስጠንቀቂያው በደረሰ ሰዓት ለእኛ ክፍል ይነገረን። አንድ የእጥበት ክፍለ ጊዜ ከ120 እስከ 200 ሊትር የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፤ ማፍላት አያጣራውም፤ ከጎርፍ በኋላ የቧንቧው ውሃ ለቀናት የማያስተማምን ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ተራው የነበረን ሰው ሰኞ ማጠብ ከቻልን ጊዜ እንገዛለታለን። በዋርዳችሁ ውስጥ ያሉትን የእኛን ሕሙማን ፈሳሽና ፖታሲየም ያለበትን ምግብ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀንሱላቸው።

የኢንፌክሽን መከላከል ነርስ መለሰች፦

ሁላችንም ስለ መውጣት ተናገርን፤ ብዙ ስሕተት የማየው ግን ስለ መመለስ በሚወሰነው ውሳኔ ላይ ነው። ውሃው ጎደለ፣ ወለሉ ታጠበ፣ ላይኛው ፎቅ ተጨናንቋል፣ አመራሩም አልጋዎቹ እንዲከፈቱ ይፈልጋል፤ የዋርድ ኃላፊዋ ያን ጊዜ «ገና ነው» ማለት ሊኖርባት ይችላል። የጎርፍ ውሃ ከፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ ነው። እርሱ የነካው ፍራሽ አይታጠብም፣ ይወገዳል፤ የነካው የመድኃኒት ብልቃጥም ክዳኑ ያልተከፈተ ቢሆን እንኳ አይሰጥም። ያልተከፈተ ኢንሱሊንና ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ማቀዝቀዣው ለምን ያህል ሰዓት እንደጠፋ የመዘገበ ከሌለ ውሳኔው በግምት ይሆናል።

የውሃው መጠንም ይቆጠር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ተኝቶ ለሚታከም ሰው በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ያስቀምጣል። ለ28 ሕሙማን በመካከለኛው ስናሰላ በቀን 1,400 ሊትር፣ ለሦስት ቀን 4,200 ሊትር ነው። ይህ ውሃ ጣራ ላይ ባለ ታንከር ካለ በስበት ይወርዳል፤ ካልሆነ ግን በፓምፕ ይመጣልና መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ታንከሩ ለስንት ቀን ይበቃል የሚለውን የማያውቅ ኃላፊ እዚያው እንቆይ ወይስ ሕንፃውን እንልቀቅ ለሚለው ውይይት ግማሹን መረጃ ሳይዝ ነው የሚቀርበው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የኮሌራ ምልክት ከተያዘ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ በእንስሳት ሽንት ከተበከለ ውሃ የሚይዘው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው በሽታ ደግሞ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 30 ቀን ሊቆይ ይችላል። በውሃው ውስጥ የቆሙትን ሠራተኞች ስም መመዝገብ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዞት የመጣው ባልደረባ በዚያ ሌሊት በውሃ ውስጥ መቆሙን እኛ ካልነገርነው ሐኪሙ አያውቅም። ቁስል ያለበት ሰው የቴታነስ ክትባቱም ይታይ።

የሌሊት አስተባባሪ በድጋሚ ጻፈ፦

ስለ መመዝገብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲስተር «ውሃው ቢጎድልስ ኖሮ ምን ብዬ እመልስ ነበር» ብለሻልና። በዚያ ሌሊት በ2 ሰዓት ምን ታውቂ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢኖርሽ መልሱ እዚያው ነው። ሰዓቱ፣ የውሃው ከፍታ፣ የደወልሽለት ኃላፊ፣ የተሰጠሽ ቃል፣ የወሰንሽው፣ ምክንያቱ። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በነበረው እውቀት ነው፤ ጠዋት ላይ ሁሉም ሰው ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ያውቃል። እኔ ለዚህ ሥራ አንድ ሰው እመድባለሁ፤ ሸክም የማይችል፣ እርጉዝ የሆነች ወይም የታመመ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በደንብ ይሠራዋል።

የዋርድ ኃላፊ መለሰች፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ይዤ ከሆስፒታሉ አመራር ጋር ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል። የዝግጅቱ ሥራ በሙሉ ያለ ፈቃድ የዋርድ ኃላፊው እንዲሆን ተስማምተዋል። ወደ ላይ ማውጣትን በተመለከተ ውሃው የግቢው በር ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር ሲነካ ኃላፊዋ ሰዓት ጠቅሳ እንድታሳውቅና ክልከላ ካልደረሳት እንድትጀምር ጽፈናል፤ መስመሩ የተሰመረው ከ90 ደቂቃው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። የአደጋ ዝግጅት ባለሙያው እንዳሳሰቡት የማዋለጃ ክፍሉ ሊፍቱን በማንኛውም ሰዓት የማስቆም መብት አለው። አንድ ያልተስማማንበት ነገር ቀርቷል፤ አመራሩ ክልከላው በቃል ይበቃል ይላል፣ እኔ ደግሞ የከለከለው ሰው ምክንያቱን እንዲናገርና እኛም እንድንመዘግበው እፈልጋለሁ። ይህን እስከ መጨረሻው እከራከርበታለሁ።

የማከፋፈያ ሰሌዳው ወደ ላይ እንዲነሣ ጥያቄ ቀርቧል፤ ገንዘቡ ገና አልተፈቀደም። እስከዚያው ድረስ መብራት እንደሚጠፋ አድርገን እንለማመዳለን። የመጀመሪያው ልምምድ በሚመጣው ሳምንት በሌሊት ፈረቃ፣ ሊፍቱን ዘግተን፣ በሠራተኞች ክብደት ነው። ሲስተር የጽኑ ሕሙማኗ፣ ሲሊንደሮቼን ቆጥሬአለሁ፤ 11 ናቸው፣ ከእነርሱ 4ቱ ሩብ ላይ ነበሩ። ከዋርድ እንዳይወጡ የምትለዩበት ምልክት ምን እንደሆነ ብትነግሪኝ እኛም ያንኑ እንጠቀም።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ መለሰች፦

ከግማሽ በታች የሆነው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ጨርቁ በጨለማም በእጅ ስለሚዳሰስ ከወረቀት ይሻላል። በየፈረቃው ርክክብ ላይ ይቆጠራሉ፤ ተቀባይዋም በእጇ ነክታ ትፈርማለች።